ስለ ኡዳይፑር፣ ስለ ሐይቆቿና ስለ አውራጃዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው። ርቀቶቹም ከከተማዋ መሀል ተነሥተው በግምት የተቀመጡ ናቸው።

ኡዳይፑር የምትገኘው የት ነው?

ኡዳይፑር በሰሜን ምዕራብ ሕንድ በራጃስታን ግዛት ደቡባዊ ክፍል፣ በአራቫሊ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዴልሂ በደቡብ ምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር፣ በጉጃራት ግዛት ካለችው ከአህመዳባድ ደግሞ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ2011 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ 450 ሺህ ገደማ፣ አውራጃው ደግሞ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበራቸው። ራጃስታን ሲባል ብዙ ሰው ግመልና አሸዋ ይታየዋል። የኡዳይፑር አካባቢ ግን ከታር በረሃ በተራራ ሰንሰለት የተለየ፣ በዝናብ ወራት ሙሉ በሙሉ የሚለመልም አገር ነው፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግን ለወራት አንድ ጠብታ ላይወርድ ይችላል።

ሐይቆቹ የተፈጥሮ ናቸው ወይስ ሰው ሠራሽ?

ሰው ሠራሽ ናቸው። ስለ ከተማዋ የሚነገረው ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ይህን አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። የአካባቢው ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ተራራው ድንጋያማና ቁልቁለታማ በመሆኑ ውሃው ካልተያዘ በጥቂት ቀናት ውስጥ በወንዝ ወርዶ ያልቃል። ስለዚህ በየሸለቆው አንገት ላይ ግድብ እየሠሩ ጎርፉን ማጠራቀም በአካባቢው ለመኖር የሚያስፈልግ ሥራ ነበር፤ ውበቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውና ታዋቂው ሐይቅ ፒቾላ ነው። በተለምዶ እንደሚነገረው ግድቡን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሠራው፣ በማሃራና (በንጉሥ) ላካ ዘመን እህል በበሬ እየጫነ ከአገር አገር ይዘዋወር የነበረ አንድ የባንጃራ ነጋዴ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ስለሆነ ሐይቁ ከከተማዋ ይቀድማል። ማሃራና ኡዳይ ሲንግ ሁለተኛ ከተማዋን ሲመሠርት ግድቡን አሳደገው፤ ውሃውም ዛሬ ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ቦታ ያዘ። ከዚያ በኋላ የነገሡት ማሃራናዎችም ሐይቅ መገደብን የንግሥና ወግ አድርገው ያዙት። ኡዳይ ሳጋርን መሥራቹ ራሱ፣ ለእናቱ መታሰቢያ የሆነውን የባዲ ሐይቅን ራጅ ሲንግ አንደኛ፣ ፋቴህ ሳጋርን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጃይ ሲንግ፣ ስዋሩፕ ሳጋርን ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስዋሩፕ ሲንግ አሠርተዋል። የፋቴህ ሳጋር የመጀመሪያ ግድብ በጎርፍ ተወስዶ ነበር። ዛሬ የሚታየውን በ1880ዎቹ መጨረሻ መልሶ የሠራው ማሃራና ፋቴህ ሲንግ በመሆኑ ሐይቁ ስሙን የያዘው በመጀመሪያው ገንቢ ሳይሆን በጠጋኙ ነው።

ሐይቆቹ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ?

አብዛኞቹ ይገናኛሉ። በካርታ ላይ የተለያዩ መስለው ቢታዩም በአንድ ሥርዓት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ከደቡብ ምዕራብ ተራሮች የሚወርደው የሲሳርማ ወንዝ ወደ ፒቾላ ይገባል። ፒቾላ ሲሞላ ውሃው በስዋሩፕ ሳጋር በኩል አልፎ በቦይ ከፋቴህ ሳጋር ጋር ይገናኛል። ፋቴህ ሳጋር በበኩሉ ከሰሜን ምዕራብ፣ ከማዳር ግድቦች በተሠራ ቦይ ውሃ ያገኛል። ትርፉ በአሃር ወንዝ አድርጎ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ኡዳይ ሳጋር ይወርዳል፤ ከዚያም ቤራች ተብሎ ወደ ባናስ፣ ወደ ቻምባልና ወደ ያሙና እያለ መጨረሻው ከጋንጅስ ጋር የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ነው።

በዝናብ ወራት የኡዳይፑር ሰው የሚጠይቀው ዋና ወሬ የስዋሩፕ ሳጋር የውሃ በሮች ተከፈቱ ወይስ አልተከፈቱም የሚል ነው። በሮቹ ከተከፈቱ ፒቾላ ሞልቷል፣ ቀጣዩ በጋም አያስጨንቅም ማለት ስለሆነ፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ውሃው ሲፈስ ለማየት ይወጣል። ፋቴህ ሳጋር ከግድቡ በላይ ሲፈስ ደግሞ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ የተጠበሰ በቆሎ ሻጮችም በዚያ ሰሞን ገበያቸው ይደራል።

ከተማዋን ማን፣ መቼ፣ ለምን መሠረታት?

በተለምዶ የሚጠቀሰው የምሥረታ ዓመት 1559 ነው። መሥራቹ ኡዳይ ሲንግ ሁለተኛ የሜዋርን መንግሥት ይገዛ የነበረው የሲሶዲያ ራጅፑት (የሂንዱ ተዋጊ ጎሣ) ሥርወ መንግሥት አባል ሲሆን፣ ራሱ በሕይወት የተረፈው በሞግዚቱ መሥዋዕትነት ነው። ሥልጣን የነጠቀው ባንቢር ሕፃኑን አልጋ ወራሽ ሊገድል ሲመጣ፣ ፓና የተባለችው ሞግዚት የገዛ ልጇን በአልጋ ወራሹ አልጋ ላይ አስተኝታ ልጇ ሲገደል ኡዳይን አሸሸችው። በሜዋር ከማንኛውም ንጉሥ እኩል የምትከበር ሴት ናት።

የመንግሥቱ የቀድሞ መናገሻ ቺቶርጋር በሜዳ መካከል በቆመ አምባ ላይ የተሠራ ምሽግ ነበር። አምባው ለመጠበቅ ያመቸ ቢመስልም፣ ብዙ ሠራዊትና መድፍ ያለው ጠላት ዙሪያውን ከከበበው ስንቅ የሚገባበት መንገድ አልነበረውም። ኡዳይ ሲንግ ተራሮች ቅጥር ሆነው ወደሚከብቡት፣ ውሃም ወዳለበት ሸለቆ መናገሻውን ለማዛወር የወሰነው ይህን አይቶ ነው። አደን ላይ ሳለ ያገኘው ባሕታዊ «እዚህ ከተማ ሥራ» ብሎ ባረከው የሚለው ትውፊትም ከዚሁ ጎን ለጎን ይነገራል። ውሳኔው ትክክል መሆኑ ብዙም ሳይቆይ ታየ፤ የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር ቺቶርን በ1567 ከቦ በየካቲት 1568 ያዘው፤ ሥርወ መንግሥቱ ግን በተራሮቹ መካከል መኖሩን ቀጠለ።

የሃልዲጋቲ ጦርነት ምንድን ነው? ማን አሸነፈ?

በሰኔ 1576 የኡዳይ ሲንግ ልጅ ማሃራና ፕራታፕና በአምበሩ ራጃ ማን ሲንግ የተመራው የአክባር ጦር፣ ከኡዳይፑር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቅ ጠባብ በር ላይ ተዋጉ። የቦታው አፈር ቢጫ ነው፤ ዛሬም መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ ባለፈበት በግልጽ ይታያል። ውጊያውን የሃይማኖት ጦርነት አድርገው የሚያቀርቡ ቢኖሩም ተዋጊዎቹን ብቻ ማየቱ ይህን ያፈርሳል፤ የአክባርን ሠራዊት የመራው ሂንዱ ራጅፑት ሲሆን፣ በፕራታፕ ወገን ደግሞ ሃኪም ካን ሱር የተባለ አፍጋን ሙስሊም የጦር አለቃና የቢል ሕዝብ ቀስተኞች ተሰልፈው ነበር።

ሜዳው በሙጋሎቹ እጅ ቀረ፤ ፕራታፕ ግን አልተያዘም። ቼታክ የተባለው ፈረሱ ቆስሎ ጌታውን ከሜዳው አውጥቶ ወደቀ ይባላል፤ መታሰቢያውም በአካባቢው ቆሟል። ፕራታፕ በተራራው ውስጥ የሽምቅ ውጊያ እያደረገ ከመናገሻው ከቺቶር በስተቀር አብዛኛውን የሜዋር ምድር አስመልሶ በ1597 ሞተ። ልጁ አማር ሲንግ በ1615 ከአክባር ልጅና ወራሽ ከጃሃንጊር ጋር ዕርቅ ካወረደ በኋላ ነው ኡዳይፑር ዛሬ የምናደንቃቸውን ሕንፃዎች ለመገንባት ፋታ ያገኘችው።

በሐይቁ መካከል የሚታዩት ነጫጭ ቤተ መንግሥቶች ምንድን ናቸው?

በፒቾላ ላይ ትልልቆቹ ሁለት ናቸው። ጃግ ማንዲር ቀዳሚው ሲሆን ግንባታው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተካሄደና በማሃራና ጃጋት ሲንግ አንደኛ የተጠናቀቀ ነው። ልዑል ኩራም፣ ማለትም ኋላ ሻህ ጃሃን ተብሎ ታጅ ማሃልን ያሠራው፣ በአባቱ በጃሃንጊር ላይ ባመፀበት ጊዜ በዚሁ ደሴት ተጠግቶ ነበር። የከተማዋ አስጎብኚዎች የታጅ ማሃል ሐሳብ የተፀነሰው እዚህ ነው ሲሉ መስማት የተለመደ ነው፤ የአገር ፍቅር ንግግር አድርጎ መውሰዱ ይሻላል። ይበልጥ የተረጋገጠው በእንግሊዞች ላይ በተነሣው በ1857ቱ አመፅ ጊዜ ማሃራና ስዋሩፕ ሲንግ ከኒማች የሸሹ አውሮፓውያን ቤተሰቦችን በደሴቲቱ ማስጠለሉ ነው።

ሁለተኛው ጃግ ኒዋስ ሲሆን በማሃራና ጃጋት ሲንግ ሁለተኛ ከ1743 እስከ 1746 የተሠራ የበጋ ማረፊያ ነው። ደሴቱን ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍን ከዳር ሲታይ ሕንፃው ከውሃው የበቀለ ይመስላል። በ1960ዎቹ ማሃራና ባግዋት ሲንግ ወደ ሆቴልነት ለውጦታል፤ ዛሬ በታጅ ሆቴሎች የሚተዳደር ሲሆን በጀልባ መግባት የሚችለው በአብዛኛው እንግዳው ብቻ ነው። ጃግ ማንዲርን ግን ቲኬት የገዛ ሁሉ በጀልባ ሄዶ ሊያየው ይችላል።

ዳር ላይ የተዘረጋው ትልቁ ግንብ የከተማው ቤተ መንግሥት ነው። ከኡዳይ ሲንግ ጀምሮ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የነገሡት ሁሉ የየራሳቸውን ክፍል እየጨመሩበት ስለሄዱ፣ ውስጡ ጠባብ መተላለፊያና ድንገት የሚከፈት አደባባይ የበዛበት ነው። በአንደኛው አደባባይ ግድግዳ ላይ ከባለ ቀለም መስታወት ቁርጥራጭ የተሠሩት ጣዎሶች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው፤ የአንገታቸው ሰማያዊ ቀለም ከጠዋት ብርሃን ጋር አብሮ ስለሚለዋወጥ በሩ እንደተከፈተ መግባት ይመረጣል።

ፒቾላ ደርቆ ያውቃል?

አዎ፣ ደጋግሞ። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ዝናቡ በተከታታይ በማነሱ ሐይቁ ደርቆ ወለሉ ተሰነጣጥቆ ነበር። በፎቶ ላይ በውሃ ተከቦ የሚታየው ሆቴል በደረቅ መሬት መካከል ቆሞ፣ ልጆች በሐይቁ ወለል ላይ ክሪኬት ሲጫወቱ የሚያሳዩ ምስሎች በዓለም ጋዜጦች ወጥተዋል። በ2005 እና በ2006 የወረደው ጥሩ ዝናብ ሐይቁን መልሶ ሞላው።

ከዚያ በኋላ የተወሰደው መፍትሔ ውሃን ከተራራው ማዶ ማምጣት ነው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው የዋካል ሸለቆ ውሃ በተፈጥሮው ወደ ሳባርማቲ ወንዝ፣ በዚያም ወደ ዓረብ ባሕር ይፈስሳል። የማንሲ ዋካል ግድብ ከዚህ ውሃ ላይ ቀንሶ በዋሻና በቧንቧ ወደ ኡዳይፑር ይልካል፤ የዴዋስ ፕሮጀክት ግድቦችም በተራራው ሥር በተቆፈረ ዋሻ ወደ ፒቾላ ይመግባሉ። በምሕንድስና ረገድ የሚደነቅ ሥራ ነው። ሆኖም ውሃው የሚነሣበት አካባቢ በአብዛኛው የቢልና የሌሎች ነባር ሕዝቦች መንደሮች ያሉበት፣ ራሱ በበጋ ውሃ የሚያጥረው አገር በመሆኑ፣ የከተማዋ ሐይቅ ሞላ ሲባል ከየት መጥቶ ሞላ ብሎ መጠየቁም ተገቢ ነው።

ውሃው ንጹሕ ነው?

እንደየሐይቁ ይለያያል። ባዲ ከከተማዋ ራቅ ያለና ዙሪያው ቤት ያልበዛበት ስለሆነ ከሁሉም ንጹሕ ተብሎ ይታወቃል። ፒቾላና ፋቴህ ሳጋር የመጠጥ ውሃ ምንጭ እንደመሆናቸው ዙሪያቸውን የፍሳሽ መስመር ተዘርግቶላቸዋል፤ በሕንድ መንግሥት የሐይቆች ጥበቃ ዕቅድም ታቅፈዋል። በአሮጌው ከተማ በኩል ግን ሆቴሎችና ቤቶች ውሃው ጥግ ድረስ ስለተሠሩ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልተቀረፈም። በጣም የተጎዳው ከታች ያለው ኡዳይ ሳጋር ነው፤ ምክንያቱም አሃር ወንዝ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚገባው ወደ እርሱ ነው። ፍሳሹ የያዘው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለውሃ አረም ማዳበሪያ ስለሚሆን፣ የጣናን ሐይቅ ያስቸገረው እምቦጭ እዚህም በአሃርና በኡዳይ ሳጋር ላይ ታይቷል። ዘመናዊ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በ2014 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፍሳሹ የተወሰነው እየተጣራ ለኢንዱስትሪ ይውላል።

በጥር 2025 ኡዳይፑርና ኢንዶር እርጥብ መሬቶችን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት የ«እርጥብ መሬት ከተማ» ዕውቅና በማግኘት ከሕንድ የመጀመሪያዎቹ ሆነዋል። ዕውቅናው የሚሰጠው ለውሃው ንጽሕና ብቻ ሳይሆን ከተማው ለጥበቃው ላሳየው ጥረት ጭምር በመሆኑ፣ ውሃው እንዲሁ ይጠጣል ማለት አይደለም።

በፋቴህ ሳጋር ደሴት ላይ ያለው ነጭ ጉልላት ምንድን ነው?

የፀሐይ ምርምር ጣቢያ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ በአህመዳባድ የፊዚክስ ምርምር ላቦራቶሪ ሥር ይሠራል። ፀሐይን በቴሌስኮፕ ሲያዩ ትልቁ እንቅፋት ከጋለ መሬት ላይ የሚነሣው አየር ነው፤ አየሩ ሲርገበገብ ምስሉም ይርገበገባል። ውሃ ቶሎ ስለማይግል በላዩ ያለው አየር ይረጋጋል፤ አካባቢውም አብዛኛውን ዓመት ደመና አልባ ነው። በዚህ ምክንያት ለቤተ መንግሥት ቅንጦት የሚመስል ደሴት ለሳይንስ ዋለ። ጣቢያው የፀሐይን ንዝረት ያለማቋረጥ በሚከታተለው፣ በዓለም ዙሪያ ስድስት ጣቢያዎች ባሉት መረብ ውስጥም አባል ነው።

ከከተማዋ ውጭ ባለው አውራጃ የሚኖረው ማን ነው?

በ2011 ቆጠራ ከአውራጃው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በሕንድ ሕግ ነባር ጎሣ ተብለው ከተመዘገቡት ሕዝቦች ወገን ነበር፤ ቢል፣ ሚናና ጋራሲያ ዋነኞቹ ናቸው። በተለይ ኮትራ፣ ጃዶልና ኬርዋራ የተባሉት አካባቢዎች የእነርሱ አገር ናቸው። ሰው በመንደር ተሰብስቦ ሳይሆን ቤቱን በየኮረብታው ራስ ላይ ከማሳው አጠገብ ሠርቶ ይኖራል፤ ዋናው እህል በቆሎ ነው፤ ወጣቱ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ለቀን ሥራ ወደ ጉጃራት ከተሞች ይወርዳል። የሜዋር መንግሥት ዓርማ በአንድ በኩል ራጅፑት፣ በሌላው በኩል ቀስት የያዘ ቢል የሚታይበት መሆኑ የሁለቱን ወገኖች የቆየ ትስስር ያሳያል፤ ክብሩ ግን ከዓርማው ወርዶ ወደ መሬትና ወደ ትምህርት ቤት የደረሰው በጣም ዘግይቶ ነው።

ከቢሎች ባህል በቅርብ ሊታይ የሚገባው ጋቭሪ ነው። ከራክሻ ባንዳን በዓል ማግስት ጀምሮ ለአርባ ቀናት ያህል የመንደር ወንዶች ለእናት አምላካቸው የተሳሉበትን ድራማ በቀን ብርሃን፣ በሜዳ ላይ ያሳያሉ። የሴቶቹንም ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። በእነዚያ ቀናት ጫማ አያደርጉም፣ ሥጋና መጠጥ አይቀምሱም፣ ጎመን የመሰለ ቅጠላ ቅጠልም አይበሉም፣ አልጋ ላይ አይተኙም። ቡድኑ የመንደሩ ሴቶች ልጆች ተድረው ወደሄዱባቸው መንደሮች እየዞረ ስለሚጫወት፣ የወንድም ጉብኝትም ጭምር ነው። ትዕይንቱ መግቢያ ክፍያ የለውም። በከተማዋ አደባባዮችም አንዳንድ ቀን ይታያል፤ ቱሪስት የሚያየው የምሽት ጭፈራ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

የሜዋር ነገሥታት ለምን «ዲዋን» ይባሉ ነበር?

ከከተማዋ በስተ ሰሜን 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በኤክሊንጂ መቅደስ የሚመለከው ሺቫ የሜዋር እውነተኛ ንጉሥ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር ነው። ማሃራናው በእምነቱ መሠረት የአምላኩ እንደራሴ እንጂ ባለ ዙፋን አይደለም።

ዛዋር በምን ትታወቃለች?

በዚንክ። ከከተማዋ በስተ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትገኘው ይህች የማዕድን ስፍራ፣ ዚንክ በሰፊው ይመረትባቸው ከነበሩት የዓለም ቦታዎች ሁሉ በጥንታዊነት የምትጠቀስ ናት። ዚንክን ከድንጋዩ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ማዕድኑ ወደ ብረትነት ለመመለስ ከሚያስፈልገው ሙቀት በታች፣ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ብረቱ ራሱ ተንኖ ስለሚጠፋ እንደ መዳብ በግልጽ ምድጃ ማቅለጥ አይቻልም። የዛዋር ባለሙያዎች ያገኙት ዘዴ ትነቱን ወደታች መምራት ነው። ማዕድኑንና ከሰሉን ረዘም ባለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ አፉ ላይ ቀጭን የሸክላ ቱቦ ገጥመው፣ ዕቃውን በአፉ ደፍተው በተበሳ ሰሌዳ ላይ ያቆሙታል። በአንድ ምድጃ ሠላሳ ስድስት ያህሉ አብረው ይደረደራሉ። እሳቱ ከላይ ሲነድ ትነቱ በቱቦው ወደ ታችኛው ቀዝቃዛ ክፍል ወርዶ ወደ ፈሳሽነት ይለወጥና ይጠራቀማል። በእንግሊዝ ብሪስቶል ዊልያም ቻምፒየን ተመሳሳይ ወደታች የሚያተን ዘዴ የፈጠራ መብት ያወጣው በ1738 ሲሆን፣ ዛዋር ከዚያ ቢያንስ ሦስት መቶ ዓመታት ቀድማ ትሠራበት ነበር።

ዕቃዎቹ አንድ ጊዜ ካገለገሉ በኋላ ስለሚጣሉ በአካባቢው በተራራ የሚቆጠር ክምር ቀርቷል። የቀድሞ ሠራተኞች ቤቶቻቸውን የገነቡት በእነዚሁ ነው፤ ክቡ የሸክላ ጫፍ በረድፍ ከግድግዳው ላይ ብቅ ብሎ የሚታይባቸው ፍርስራሾች ዛሬም አሉ። ማዕድኑ አሁንም ይወጣል፤ ሂንዱስታን ዚንክ የተባለው ኩባንያም ዋና መሥሪያ ቤቱ በኡዳይፑር ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ ከታወቁት ቤተ መንግሥቶች አንዱን ትቶ ዛዋርን ማየት ያዋጣል የሚል አስተያየት አለን፤ ክልሉ የሥራ ቦታ ስለሆነ ግን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጃይሳማንድና ሜናር መሄድ ያዋጣል?

ጃይሳማንድ፣ በሌላ ስሙ ዴባር፣ ከከተማዋ በደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ማሃራና ጃይ ሲንግ የጎማቲን ወንዝ ገድቦ በ1691 ያስመረቀው ይህ ሐይቅ ሲሞላ 87 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለብዙ ዘመን በዓለም ካሉት ሰው ሠራሽ ሐይቆች ትልቁ ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። በግድቡ ላይ የእብነ በረድ ዝሆኖች ተሰልፈዋል፣ መካከሉ ላይም የሺቫ መቅደስ አለ። በምረቃው ዕለት ንጉሡ የክብደቱን ያህል ወርቅ ለድሆች ሰጠ ይባላል።

ሜናር ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያለች የገበሬ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ በኩሬዎቻቸው ዓሣ እንዳይጠመድና ወፍ እንዳይታደን በራሳቸው ደንብ ይከለክላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ወፍ በመተኮሱ ከመንደሩ እንዳባረሩት አዛውንቶቹ ይተርካሉ። በቅዝቃዜው ወራት ፍላሚንጎና ከመካከለኛው እስያ የሚሰደዱ ዝዮች ይሰፍሩባቸዋል። በ2025 ኩሬዎቹ በራምሳር ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።

የኩምባልጋር ምሽግና የናትድዋራ ቤተ መቅደስ በዚሁ አውራጃ ውስጥ ናቸው?

አይደሉም። በ1991 ራጅሳማንድ ራሱን የቻለ አውራጃ ሆኖ ሲወጣ ሁለቱም፣ ሃልዲጋቲም ጭምር፣ ወደዚያ ሄደዋል። በ2023 ደግሞ ሳሉምባር ተለይቷል። ስለዚህ ከ2023 በፊት የወጡ ካርታዎችና አኃዞች የዛሬውን ወሰን አያሳዩም።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ቀኑ ለብ ያለ፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ይመረጣል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወደዳል፤ በተለይ የሠርግ ወቅት ሲሆን ሆቴሎች ቀድመው ይያዛሉ። ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሐይቆቹም የሚጎድሉት ያኔ ነው። ዝናብ የማያስፈራው ሰው ነሐሴን ቢመርጥ ተራሮቹን አረንጓዴ፣ ሐይቆቹን ሙሉ ሆነው ያገኛቸዋል።

ከአዲስ አበባ እንዴት ይደረሳል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዴልሂና ወደ ሙምባይ ይበርራል። ከሁለቱም ከተሞች ወደ ኡዳይፑር የአገር ውስጥ በረራ አለ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ዳቦክ በተባለ ቦታ ከከተማዋ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዴልሂ የሌሊት ባቡር ርካሽና ምቹ አማራጭ ነው። ከአህመዳባድ ያለው የባቡር መስመርም ተሻሽሎ በጥቅምት 2022 ተመርቋል። ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ ግዴታው ነው። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ ክትባቱን ለጉዞው ዋዜማ ማቆየት እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊያስገባ ይችላል። ለሕክምና ወይም ለትምህርት ሕንድ ያለ ሰው ከዴልሂ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ አውራጃውን ለማየት ግን አምስት ያስፈልገዋል።

በጾም ወቅት የሚበላ ይገኛል?

ሥጋ የሌለበት ምግብ ቤት ከበቂ በላይ አለ፤ የጃይንና የቫይሽናቫ እምነት ተከታዮች የበዙበት አገር ስለሆነ እንቁላል እንኳ የማይገባባቸው ወጥ ቤቶች ብዙ ናቸው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቅቤና በወተት ላይ ነው። የአገሬው ዋና ምግብ የሆነው ዳል ባቲ፣ ማለትም በፍም የተጋገረ ድፍን የስንዴ ዳቦ ከምስር ወጥ ጋር፣ ሲቀርብ ዳቦው ተፈርክሶ በቀለጠ ቅቤ ይነከራል። አብሮት የሚመጣው ጣፋጭ ቹርማም በቅቤ የታሸ ነው። የሽምብራ ዱቄት ድፍልፍል የሚገባበት ጋቴ የተባለው ወጥ ደግሞ በአብዛኛው በእርጎ ይሠራል። ስለዚህ «ያለ ጊ» እና «ያለ ዳሂ» ብሎ፣ ማለትም ያለ ቅቤና ያለ እርጎ፣ አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። የበቆሎ ቂጣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቀይ በርበሬ ድቁስ ጋር ያለ ቅቤ ከታዘዘ ለጾመኛ የሚስማማ ሲሆን፣ በገጠሩ መንገድ ዳር ባሉ ትንንሽ ቤቶች ከምድጃ እንደወጣ ይገኛል።